ስለ እርጅና፣ ስለ መርሳትና ስለ መማር

በአዛኙና በሩኅሩኁ በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ሰውን ከምንም ዕውቀት ባዶ አድርጎ ከእናቱ ማሕፀን አውጥቶ ጆሮን፣ ዓይንንና ልብን ለሰጠው ጌታ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ ቀጥሎ፤

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን በየቤቱና በየሱቁ ሳይጠራ ስለሚገባ እንግዳ ነው፤ ይኸውም ከዕድሜ ጋር የሚመጣው መርሳት ነው። በቤሌም ሆነ በሶዶ፣ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ስፍራ ሁሉ ስለዚህ ነገር ሁለት ቃሎች ይሰማሉ። አንደኛው የሽማግሌው የራሱ ቃል ነው፤ «ከእንግዲህ ወዲህ ምን እማራለሁ፤ ትምህርት ለልጅ ነው» ይላል። ሁለተኛው የልጆች ቃል ነው፤ «አባታችን ጃጅተዋል፤ ተዉአቸው» ይላሉ። የመጀመሪያው ቃል ሰውየውን ገና በእጁ ያለውን ጸጋ ያስጥለዋል። ሁለተኛው ደግሞ የወላጅን ክብር ይነካል፤ ሊታከም የሚችለውንም ሕመም ሳይታከም ያስቀራል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ እርጅና የመማርን መንገድ ይለውጣል እንጂ በሩን አይዘጋም። መርሳት በበረታ ጊዜም የሽማግሌውን ክብርና የሰውን ሐቅ በአንድነት መጠበቅ የቤተሰብ ግዴታ ነው። ይህንንም በአምስት ክፍል እንመለከተዋለን።

አንደኛ ክፍል፤ ዕድሜ የሚወስደውና የሚተወው

የሰው ትዝታ አንድ ሣጥን አይደለም፤ ብዙ መደርደሪያ ያለውን ሱቅ ይመስላል። በባንኮኒው ላይ ለጊዜው የሚቀመጥ ዕቃ አለ፤ ይህም አሁን የሰማነውን ቃልና አሁን የምንደምረውን ሒሳብ የምንይዝበት ስፍራ ነው። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ በብዙ ዓመት የተከማቸ ዕቃ አለ፤ ይህም ቋንቋችን፣ ሙያችን፣ ጸሎታችንና የሰውን ጠባይ የምንመዝንበት ማስተዋል ነው። ዕድሜ ሲገፋ ባንኮኒው ይጠባል፤ አዲስ ዕቃም ቀስ ብሎ ይገባል፤ የገባውን ለማውጣትም ፍለጋው ይረዝማል። በውስጥ ያለው ክምችት ግን ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይኖራል።

ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ነገርን በፍጥነት የማሰላት ችሎታ ከጎልማስነት መጀመሪያ አንሥቶ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። የቃላት ሀብትና የኑሮ ዕውቀት ግን እስከ ስድሳና ሰባ ዓመት ድረስ ጸንተው ይቆያሉ፤ እንዲያውም ይጨምራሉ። ስለዚህ ሃያ ዓመት ዝንጅብል የነገደ ሰው አንዱን ፍሬ በእጁ ሰብሮ መድረቁንና አለመድረቁን ያውቃል፤ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች እናትም በሽታው ብቻ ንጹሑን ከድብልቁ ትለያለች። እነዚሁ ሰዎች ግን ትናንት የተዋወቁትን እንግዳ ስም ቢረሱ፣ መነጽራቸውን የት እንዳኖሩት ቢጠፋባቸው፣ ይህ የአእምሮ መጥፋት አይደለም፤ የባንኮኒው መጥበብ ነው።

ይህንንም አስተውሉ፤ ረሳነው ከምንለው ነገር ብዙው መጀመሪያውኑ በሚገባ ወደ ልባችን ያልገባ ነው። ሦስት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ፣ በውጭም መኪና ሲጮኽ፣ በዚያ መካከል የተነገረውን ቃል ወጣቱም ይስተዋል፤ ሽማግሌውም ከወጣቱ ይልቅ ይቸገራል። መድኀኒቱም ራስን መውቀስ ሳይሆን «አንድ ጊዜ ቆይ፤ አንተ ጨርስልኝ» ብሎ ነገርን በየተራ መስማት ነው።

ሃይማኖታችንም ለመርሳት ስፍራ ሰጥቶታል። ነቢዩ በሶላታቸው ውስጥ በተሳሳቱ ጊዜ እርሳቸውም እንደ ሌላው ሰው የሚረሱ መሆናቸውን ተናግረዋል። ሦስት ይሁን አራት ረከዓ መስገዱን የተጠራጠረ ሰውም እርግጠኛ የሆነበትን ትንሹን ቍጥር ይዞ እንዲሞላና ሁለት የመርሳት ሱጁድ እንዲወርድ ታዟል። እንግዲህ በጌታው ፊት ቆሞ ለሚረሳ ሰው ይህን ያህል መንገድ ከተሰጠው፣ በገበያ ለሚረሳው ሰው እኛ ስለ ምን ትዕግሥት ይነሰን?

ሁለተኛ ክፍል፤ ፀጉራቸው ሸብቶ የተማሩ

ኢማም ቡኻሪ በሐዲስ መጽሐፋቸው፣ ስለ ዕውቀት በሚናገረው ክፍል፣ የነቢዩ ባልደረቦች በዕድሜያቸው ከገፉ በኋላ እንደ ተማሩ አመልክተዋል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ራእዩ ለነቢዩ የመጣላቸው በዐርባ ዓመታቸው ነበር፤ ከተከተሏቸውም ሰዎች ብዙዎቹ ቤተሰብ ያላቸው ጎልማሶችና ነጋዴዎች ነበሩ። ያን ትውልድ በልጅነቱ ያስተማረው መድረሳ አልነበረም።

በኋላ ዘመንም በ417 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ቀፋል አል መርወዚ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ትምህርት የጀመሩት በሠላሳ ዓመታቸው ሲሆን ከሻፍዒ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆነዋል። ሠላሳ ዓመት ገና ወጣትነት ነው የሚል ካለ የኢብኑል ጀውዚን ታሪክ ይስማ። እኒህ የባግዳድ ሰባኪና የብዙ መጻሕፍት ደራሲ በሰማንያ ዓመታቸው ገደማ በዋሲጥ ከተማ ከኢብኑል ባቂላኒ ዘንድ ተቀምጠው ዐሥሩን የቁርኣን አነባበቦች ተምረዋል፤ አብሯቸው የተማረውም የገዛ ልጃቸው ዩሱፍ ነበር። ስማቸው በዓለም የታወቀ ሊቅ ከልጃቸው ጋር ደረሳ ሆነው መቀመጥን አላፈሩበትም።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ መፈለግም አያስፈልግም። በ1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በዘመቻውም ትምህርቱ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ ወላይትኛም አንዱ ነበር። አስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ተማሪዎቹ ደግሞ አባቶችና እናቶች ነበሩ። ዘመቻውም እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። በዚያን ጊዜ ወላይትኛ በግእዝ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ ያን ጊዜ በጕልምስናው ፊደል የቆጠረ ሰው ዛሬ የልጅ ልጁን መጽሐፍ ለማንበብ ሁለተኛ ፊደል መማር ያስፈልገዋል። ይህ አይከብደውም አንልም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ጐልምሶ የተማረ ሰው መማር እንደሚችል በራሱ ላይ አይቷል።

ሦስተኛ ክፍል፤ ሽማግሌ እንዴት ይማር?

ሽማግሌን እንደ ልጅ ማስተማር ስሕተት ነው። ልጅ ትርጕሙን ሳያውቅ ብዙ ቃል በጩኸት ሊይዝ ይችላል፤ ሽማግሌ ግን ነገሩ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሲያያዝለት ይይዛል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ትርጕሙን አስረዱት፤ ቀጥሎም ቃሉን ስጡት።

ሁለተኛው ደንብ መከፋፈል ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባወጣው መጽሐፍ፣ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች ፈጥኖ እንደሚጠፋ፣ በተራራቀ ጊዜ የተደጋገመ ግን በአንድ ቀን ከታጨቀው ይልቅ እንደሚጸና በራሱ ላይ ፈትኖ አሳየ። የቁርኣን ቤት ሰዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ነቢዩም ቁርኣን ያልተጠበቀ እንደ ሆነ ከእስሩ ከሚፈታ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያመልጥ አስጠንቅቀዋል። አዲስ ትምህርት ከመጨመር በፊት የቆየውን መከለስ የመድረሳ ሕግ የሆነው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ደንብ ከልብ አውጥቶ መሞከር ነው። ዐሥር ጊዜ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ጥቂት አንብቦ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ያነበቡትን ራስን መጠየቅ ይበልጣል። ያልመጣውን ተመልሶ ማየት፣ እንደገናም መዝጋት ነው። ደረሳ ለውሑን አጥቦ አዲስ ከመጻፉ በፊት የያዘውን በመምህሩ ፊት በቃሉ መወጣቱ ይኸው ጥበብ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው አንዲት እናት ሱረቱል ሙልክን በቃላቸው ለመያዝ ቢፈልጉ፣ ሱራው ሠላሳ አንቀጽ ነው። በቀን አንድ አንቀጽ እየያዙ፣ በሳምንት አንዱን ቀን ለክለሳ ብቻ ቢተዉ፣ በአምስት ሳምንት ይፈጽሙታል። በፈጅር የያዙትን በዙህር፣ በዐስርና በመግሪብ ሶላት ቢደግሙት፣ በመኝታቸውም ጊዜ አንድ ጊዜ ቢሉት፣ ቀኑ ራሱ ትምህርት ቤት ይሆንላቸዋል። እንቅልፍም የተማሩትን የሚያጸና የአእምሮ ሥራ ስለሆነ ከእንቅልፍ ተቀንሶ የሚጨመር ትምህርት ትርፍ የለውም።

አራተኛው ደንብ ጆሮንና ዓይንን መመርመር ነው። አንዳንዱ ሰው አይገባውም ሲባል በእውነት የማይሰማ ነው፤ አንዳንዱም አያውቅም ሲባል ፊደሉ የማይታየው ነው። መነጽር ወይም የጆሮ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

የዘመኑንም ትምህርት እንዲሁ ያዙት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የገበያ ልማድ ሆኗል። አባት ስልኩን ይዞ ሲቸገር ልጅ ከእጁ ነጥቆ ቢሠራለት፣ ሥራው ተሠራ እንጂ አባት አልተማረም። ጣቱ የአባት ይሁን፤ ቃሉ የልጅ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ በአንድ ቀን አስተምሩ፤ በነጋውም እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ምስጢር ቍጥሩን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እየነገረ የሚኖር ሽማግሌ ባለማወቁ ገንዘቡን ይነጠቃልና ይህ ትምህርት ገንዘቡን መጠበቅ ነው።

አራተኛ ክፍል፤ የነጋዴ መዝገብ

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ስለ ሰማያት አይደለም፤ ስለ ዕዳ ነው። በበቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽ ነው። በዚህም አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ታዟል፤ ትንሽም ቢሆን ትልቅ መጻፉ እንዳይሰለች ተነግሯል። ከምስክሮቹም አንዷ ብትረሳ ሁለተኛዋ እንድታስታውሳት ተብሏል። እንግዲህ መርሳት በንግድ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ፣ መድኀኒቱ በሰው ማስታወስ ላይ መታመን ሳይሆን በብዕርና በምስክር መታመን መሆኑን እንማራለን።

ይኸው አንቀጽ ይህንንም ይጨምራል፤ ባለ ዕዳው ደካማ ቢሆን ወይም ራሱ ማጻፍ ባይችል ጠባቂው በፍትሕ ያጽፍለት ዘንድ ታዟል። የቁርኣን ተርጓሚዎችም እጅግ ያረጀውን ሰው ከደካሞቹ መካከል ቆጥረዋል። ስለዚህ ለሽማግሌ ወኪል መሾም የልጆች ፈጠራ ወይም ንቀት አይደለም፤ ለደካማ የተሰጠ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ እናንተ ነጋዴዎች፣ «ሁሉ በልቤ ተጽፏል» በሚል ኩራት አትኑሩ። በዱቤ የሰጣችሁትንና የተቀበላችሁትን፣ ቀኑንና ስሙን፣ ሰውየው ገና በፊታችሁ ሳለ ጻፉ። የሰው አማና በእጃችሁ ካለ የማን እንደ ሆነና የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው ይኑር። ነቢዩም የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንኳ ሊያድር እንደማይገባው አስተምረዋል። ይህን ሁሉ አእምሮ ብሩህ ሳለ ማድረግ ይገባል፤ ጭጋግ ከወረደ በኋላ መንገድ መፈለግ አስቸጋሪ ነውና። ሳይጻፍ የቀረ ዕዳ ሽማግሌውን በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ፣ ልጆቹንም በመቃብሩ ላይ የሚያጣላ ይሆናል።

አምስተኛ ክፍል፤ መርሳት ሕመም ሲሆን

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተራው መርሳት ነው። ቁርኣን በነሕል ምዕራፍ 70ኛው አንቀጽ ከሰዎች መካከል ከዐወቀ በኋላ ምንም እስከማያውቅ ድረስ ወደ ወራዳው ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ ይናገራል። ቃሉ ስለ አንዳንዶች እንጂ ስለ ሁሉም አለመሆኑን አስተውሉ። የሐኪሞችም ዕውቀት ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ይህ የአእምሮ መዳከም በእርጅና ዘመን የሚበዛ ሕመም ነው እንጂ እርጅና ራሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር።

ተራውን መርሳት ከሕመሙ እንዴት እንለያለን? የሱቁን ቁልፍ የት እንዳኖረው የረሳ ሰው ተራ ረሺ ነው፤ ቁልፉን ይዞ ምን እንደሚያደርግበት የጠፋው ሰው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። የጎረቤቱን ስም ረስቶ ማታ የሚያስታውሰው ደኅና ነው፤ ለብዙ ዓመት ከሚመላለስበት ገበያ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ የጠፋበት፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ የሚያውቀውን ሒሳብ መሥራት ያቃተው፣ ጠባዩም የተለወጠ ግን መታየት ይገባዋል።

ሐኪም ዘንድ መሄድም ከንቱ አይደለም። የሚያስረሳው ነገር አንዳንድ ጊዜ የሚታከም ነው፤ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ከባድ ኀዘን፣ ወይም የሚወሰዱ መድኀኒቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በተለይም ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ በድንገት ቢደናገር፣ ይህ ጅጅት ሳይሆን ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብርቱ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለመጠበቅም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ጥናት፣ ከእነዚህ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ፣ ማለት 45 በመቶው፣ ዐሥራ አራት ምክንያቶችን በመከላከል ሊቀር ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ገልጿል። ከእነርሱም ውስጥ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም፣ ትንባሆ፣ መጠጥ፣ የጆሮና የዓይን መድከም፣ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ፣ በራስ ላይ የሚደርስ ጕዳት፣ የትምህርት ማነስና ከሰው ተለይቶ ብቻን መኖር ይገኛሉ። እንግዲህ በእግሩ ወደ መስጊድ የሚመላለስ፣ ከጀመዓው ጋር የሚጨዋወት፣ የደም ግፊቱን የሚያስለካ ሽማግሌ ለአእምሮውም ዘብ አቁሟል።

ሕመሙ ከመጣስ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በዚህ ነገር የሐዲስ ሊቃውንት መልካም አርአያ ትተውልናል። እነርሱ በእርጅናው ትዝታው የተደባለቀበትን አስተላላፊ «ኢኽቲላጥ ደርሶበታል» ይሉ ነበር። የኩፋው ዐጣእ ኢብኑ ሳኢብ እንዲህ በሆነ ጊዜ የዕድሜ ልክ ሥራውን አልጣሉበትም፤ ሱፍያን አስ ሰውሪን የመሳሰሉት ቀደም ብለው ከእርሱ የሰሙትን ተቀበሉ፤ ከተደባለቀበት በኋላ በተሰማው ላይ ግን ተጠነቀቁ። ሰውየውን አከበሩ፤ እውነቱንም ጠበቁ።

ከዚህ ይበልጥ ለቤተሰብ የሚስማማው በ170 ዓመተ ሂጅራ የሞተው የበስራው ጀሪር ኢብኑ ሓዚም ታሪክ ነው። ልጆቹ ራሳቸው የሐዲስ ሰዎች ነበሩ። የአባታቸው ትዝታ መለወጡን ባወቁ ጊዜ ከአድማጭ ከለሉት፤ በዚያ ሁኔታም ሳለ አንድ ሰው እንኳ ከእርሱ ሐዲስ አልሰማም። አባታቸውን በአደባባይ አላሳፈሩትም፤ ሰዎችም የተሳሳተ ነገር ይዘው እንዲሄዱ አልፈቀዱም። እነሆ ክብርና ሐቅ በአንድ ሥራ ተጠበቁ።

እናንተም ልጆች፣ አባታችሁ በሚዛኑ ላይ መሳሳት ከጀመረ፣ በደንበኛ ፊት አትገሥጹት። እርሱ በክብር ወንበሩ ተቀምጦ ሰላምታ ይስጥ፤ ገንዘቡን ከእናንተ አንዱ ይቍጠር። የቀድሞ ባለ ዕዳ መጥቶ «ከፍያለሁ» ቢል መዝገቡን ተመልከቱ፤ የአባትን መርሳት ለጥቅማችሁ አታድርጉት። እናታችሁ አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ብትጠይቅ፣ አምስተኛውን መልስ እንደ መጀመሪያው በለዘበ ድምፅ መልሱላት፤ በኢስራእ ምዕራፍ በወላጆች ላይ ትንሿ የመሰልቸት ድምፅ እንኳ የተከለከለችው በተለይ እርጅና በደረሰባቸው ጊዜ ነውና። የሞቱ ዘመዶቿን እየጠራች ብትፈልግም አትከራከሯት፤ ስለ እነርሱ እንድታወራችሁ ጠይቋት። አዲሱ ሲጠፋ አሮጌው ትዝታ ይቆያልና በዚያ በኩል መንገድ ታገኛላችሁ። ከልጆቹም አንዱ ብቻ ሸክሙን ሁሉ አይሸከም፤ ሌሎቹ በተራ ያሳርፉት።

የመከለሻ ጥያቄዎች

መጽሐፉን ዝጉና እነዚህን በቤተሰብ መካከል ተጠያየቁ፤ ሽማግሌው ይጠይቅ፣ ልጅም ይመልስ፤ ልጅም ይጠይቅ፣ ሽማግሌው ይመልስ።

1. ዕድሜ ከትዝታችን የሚወስደው ምንድን ነው? የሚተወውስ?
2. ኢብኑል ጀውዚ በእርጅናቸው ከማን ጋር ተቀምጠው ተማሩ?
3. አንድን ነገር በአንድ ቀን ከማጨቅ ይልቅ በብዙ ቀን መከፋፈል ስለ ምን ይሻላል?
4. የዕዳው አንቀጽ ራሱ ማጻፍ ለማይችል ሰው ምን አዘዘ?
5. ወደ ሐኪም የሚያስኬደው መርሳት የትኛው ነው?
6. የጀሪር ልጆች በአንድ ሥራ የጠበቋቸው ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?

አላህ ሆይ! ከወራዳው ዕድሜ ጠብቀን። ያስተማርኸንን አጽናልን፤ የረሳነውን አስታውሰን። በእርጅና ለደከሙት ወላጆቻችን እዘንላቸው፤ ለእኛም ለእነርሱ የሚሆን ትዕግሥት ስጠን። የሰው ሐቅ በአንገታችን ላይ ሳለ አትውሰደን። አሚን።